አምስት መቶ ፊደል ይወጣዋል

ሥራ ፈላጊ በተሰበሰበበት ቦታ ሁሉ ምንም ነገር በከንቱ የማይደርስበት አንድ ሰው አይጠፋም። ዝናብ ሲመታን እኛ ቤታችን ገብተን ልብስ እንቀይራለን። እሱ ግን እንደ ረጠበ ቁጭ ብሎ «ያልታሰበ ችግርን በትዕግሥት ስለ ማለፍ» ብሎ ይጽፋል። ይኼን ሰው ታውቁታላችሁ። ካላወቃችሁት ሥራ ፈልጋችሁ አታውቁም ማለት ነው፤ እንኳን ደስ አላችሁ።

ለኛ የደረሱን ክብርት ሞ ሃራን ናቸው። አራት ሆነን ማክሰኞና ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ከከተማችን ከዴጆን ባቡር ጣቢያ ጀርባ ያለች አንዲት ካፌ ፎቅ ላይ እየተገናኘን አንዳችን የሌላችንን የሥራ ማመልከቻ እናርማለን። በአንድ ዓመት ስለምትበልጠኝ በአፌ «ኦኒ» እላታለሁ፣ እንደ ታላቅ እህት። ክብርት የምላት በልቤ ነው፣ ቅናቴ ሲነሳ። ቅናቴ የማይነሳበት ቀን ስለሌለ ክብርት እንደሆነች ቀርታለች።

የኛ ማመልከቻ ልክ አለው። አስተዳደግሽን በአምስት መቶ ፊደል ግለጪ። የወደቅሽበትን ጊዜ በሰባት መቶ። ከባልደረባ ጋር ተጋጭተሽ እንዴት እንደታረቅሽ ደግሞ እንደገና በሰባት መቶ። አንድ ፊደል ካለፈ ኮምፒውተሩ አይቀበልም፣ በጣም ካነሰ ደግሞ ሰነፍ ትባያለሽ። እኛ ባዶውን ሣጥን እያየን ስናምጥ ሃራን ሕይወትን በፊደል ትሰፍራለች። ማንም ሰው ምንም ነገር ሲያወራ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጥና፣ ሐብሐብ አንኳኩታ እንደምትገዛ ሴት፣ «አምስት መቶ ፊደል ይወጣዋል» ትላለች። የአንዳችን ጥርስ ተነቅሎ አምስት መቶ ወጥቶታል። የራሷ የሃራን አጎት ፍየል መጥፋት፣ ከነመገኘቷ፣ ስምንት መቶ።

አንድ ቀን አብረን የተሳፈርንበት አውቶቡስ ድልድይ ላይ ተበላሽቶ ቆመ። እኔ የማስታውሰው ሽንቴ መጥቶ እንደነበር ብቻ ነው። በሃራን ማመልከቻ ላይ ግን ሠላሳ ሁለት ተሳፋሪዎችን አረጋግታ፣ አረጋውያንን አስቀድማ ወደ ጥላ የመራች አንዲት ወጣት አለች። እውነቱን ልንገራችሁ፤ የአንዲት አሮጊት ዘንቢል ይዛላቸዋለች። ዘንቢሉ ውስጥ የነበረው ሽንኩርት ነው።

የአራት ዓመት ፍቅረኛዋ የተዋት ቀን ሦስታችን ልናጽናናት ቤቷ ሄድን። ዓይኗ አብጦ ኮምፒውተሯ ላይ አጎንብሳለች።

«ሰባት መቶ ነው ይኼ» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች። «'የማይመለስ ደንበኛን በክብር ስለ መሸኘት።'»

«ኦኒ፣ መጀመሪያ አልቅሺ እንጂ!»

«እያለቀስኩ አይደል? እጄ ሥራ ፈትቷል እንዴ?»

በዚያች ማመልከቻ አንድ የመድን ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ጠራት። እኔን ከተዉኝ ሰዎች አንዱም እንዲህ ጠቅሞኝ አያውቅም።

ይኼ ሁሉ ይቅር። የማይቀረው የዶሮው ነገር ነው። ጣቢያው አጠገብ ባለች ዶሮ ጥብስ ቤት አሥራ አራት ወር ሠርቻለሁ፤ የዘይቱ ጠባሳ አሁንም ክንዴ ላይ አለ። ሃራንን እዚያ ያስገባኋት እኔ ነኝ። ሦስት ሳምንት ሠርታ ጉንፋን ያዘኝ ብላ በዚያው ቀረች። በኔ ማመልከቻ ላይ «ዶሮ ቤት፣ አስተናጋጅ፣ አሥራ አራት ወር» የሚል አንድ መስመር አለ። በሷ ላይ ግን እንዲህ ይላል፦ «ከዶሮው ጋር የሚቀርበውን የኮመጠጠ ፍጅል ከወጥ ቤት አውጥቼ ምግብ ቤቱ መሐል በማስቀመጥ የደንበኞችን የመጠበቂያ ጊዜ በግማሽ ቀንሻለሁ።» ፍጅሉ እውነትም ወጥቶ መሐል ተቀምጧል፣ እዚያው ነበርኩ። ማን እንዳወጣው ግን ትዝ አይለኝም። ይኼን ያነበብኩ ቀን ራት አልበላልኝ አለ። አሥራ አራት ወር ሙሉ ዶሮ ተሸክሜ አንድ መስመር፣ እሷ ለሦስት ሳምንትና ለአንድ ጉንፋን ሙሉ ገጽ!

ደግነቱ ክብርት አፍ የላቸውም። ወረቀታቸው ሁልጊዜ ያልፋል፣ ቃለ መጠይቅ ሲገቡ ግን ድርቅ ይላሉ። አሥራ አንድ ጊዜ ተጠርታ አሥራ አንድ ጊዜ ተመልሳለች። እኔ በር ላይ እቀራለሁ፣ እሷ ሳሎን ገብታ ትባረራለች። አንገቷን ደፍታ ስትመለስ ቅመም ያለው የሩዝ ኬክ የምጋብዛት እኔ ነኝ። ክፉ አትበሉኝ እንጂ፣ ያን ቀን ለኔም ምግቡ ይጥመኝ ነበር።

በዚህ መሐል የከተማችን የአሳንሰር ፋብሪካ ለደንበኞች አገልግሎት አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ እንደሚፈልግ አስታወቀ። ለኔ የመጨረሻዬ ነበር። እናቴ «ለጨረቃው አዲስ ዓመት ሥራ ካልያዝሽ ዋንዶ ትሄጃለሽ፤ አለቀ» ብላኛለች። ዋንዶ ደሴት ላይ አክስቴ የባሕር አረም እያደረቀች ትሸጣለች። አክስቴን እወዳታለሁ፤ የባሕር አረምም እበላለሁ። ዕድሜ ልኬን ሳገላብጠው ለመኖር ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ማመልከቻ አልጻፍኩም።

ሃራንም አመለከተች። ያን ሳምንት ወረቀቴን በክንዴ ከልዬ ተቀመጥኩ።

«አምጪ» አለችኝ።

«አላመጣም። አንቺም እኮ እያመለከትሽ ነው።»

«እና? ዎንጁ፣ አምጪ አልኩሽ እንግዲህ!»

ነጥቃኝ የመጀመሪያውን መስመር ጮክ ብላ አነበበች፦ «ከቆፍጣና አባትና ከርኅሩኅ እናት ተወልጄ...» ካፌው ውስጥ ያለው ሥራ አጥ ሁሉ ፈገግ አለ። በኛ ማመልከቻ ውስጥ አባት ሁሉ ቆፍጣና ነው፣ እናት ሁሉ ርኅሩኅ ናት። እንዲህ ብሎ ያልጀመረ ሰው ወላጅ የሌለው ይመስለኝ ነበር።

«አባትሽ ቆፍጣና ናቸው?»

«አይደለም። ተከታታይ ድራማ ሲያይ ያለቅሳል።»

«እናትሽስ?»

«'ዝም በል፣ ጎረቤት ይሰማል' ትለዋለች።»

«ታዲያ ይኼን ጻፊያ! ያለሽን ትተሽ የሌለሽን ከሰው ትለምኛለሽ?»

መስመሩን በቀይ ሰረዘችው። ተናድጄ ቤቴ ሄድኩ፣ እንደ ተናደድኩ ጻፍኩት። በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ወረቀቴ አለፈ። የሷ ማለፉን መናገር አያስፈልግም።

በቃለ መጠይቁ ቀን አራት ሰዎች ጥቁር ኮት ለብሰን በአንድ ረድፍ ተቀመጥን፤ ሃራን ከኔ በስተግራ ናት። ከፊታችን ሦስት ጠያቂዎች አሉ። መሐል ያሉት መነጽር ያደረጉ ሴትዮ የሃራንን ወረቀት አነሡ።

«ከባልደረባ ጋር ስለ መጋጨት የጻፉት አስገርሞኛል» ብለው ማንበብ ጀመሩ። «'በማኅበራችን የምትቀናብኝ አንዲት ልጅ አለች። እውነት አላት። ፍጅሉን መሐል ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ ብዬ በሠላሳ ማመልከቻ ላይ ጽፌአለሁ፤ ያስቀመጠችው እሷ ናት። አሥራ አራት ወር ስትሠራ ያደረገችውን ቁም ነገር ብላ ስለማትቆጥረው ረስታዋለች። ሌሎቹ ሲያጨበጭቡልኝ ፊቷን የምታጠቁረው እሷ ብቻ ናት። አሁን ስጽፍ ያ ፊት ይመጣብኛል፣ የዋሸሁትንም እሰርዛለሁ። ጠባችን አልበረደም። እንዲበርድም አልፈልግም፤ እሷ ከሌለች ማን ይቆጣጠረኛል?'»

ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። ለካ እኔ ነበርኩ ያወጣሁት። ለካ ታውቃለች።

«ታዲያ» አሉ ሴትዮዋ፣ «ይህች ልጅ ስለ እርስዎ ብትጠየቅ ምን ትል ይመስልዎታል?»

ሃራን ደረቀች። ከኔ የሚጠበቀው ዝም ማለት ብቻ ነበር። ዝም በማለቴ ማንም አይወቅሰኝም፤ ከአራቱ አንዷ ራሷን በራሷ አስወጣች ማለት ነው። የአክስቴ ግቢ፣ ገመዱ ላይ የተሰጣው አረም፣ ሽታው ሳይቀር መጣብኝ። ወደ ግራ ሳይ ግን ሃራን መልሱን በጣቷ ጉልበቷ ላይ ትጽፋለች። መድረቋን በሰው በሰው ነበር የምሰማው፤ በዓይኔ ሳየው አንጀቴን በላችው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። «ልጅቷ እኔ ነኝ።»

ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «እና ምን ይላሉ?»

«እቀናባታለሁ። ሁለት ዓመት ሆነኝ። አሁንም እየቀናሁ ነው፤ ይኼንን እንኳ አሳምራ ነው የጻፈችው።»

«ፍጅሉን ለምን አወጡት?»

«ጉልበቴን ስለሚያመኝ ነው። ሰው ሁሉ ጨምሪልኝ፣ ጨምሪልኝ ይላል። ከወጥ ቤት መመላለስ ሰለቸኝና ራሳቸው ያንሡ ብዬ ነው።» ከዚያ አፌ ከተከፈተ አይቀር ብዬ ጨመርኩ፦ «ኦኒ እዚህ ስትገባ ነው እንጂ የምትደርቀው፣ ሰው ሲያወራ እንደሷ የሚሰማ የለም። የተቆጣ ደንበኛ ከደወለ ስልኩን ለሷ ይስጧት።»

ለአዲስ ዓመቱ አራት ቀን ሲቀረው መልእክቱ መጣ። የወሰዱት እኔን ነው። እናቴ ጮኸች፣ አባቴ እንደተለመደው አለቀሰ። የማኅበራችን ሰዎች በስልክ ደስታቸውን ላኩልኝ፤ ከሃራን ግን አንዲት ቃል የለም። የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ ተበላሸብኝ ስል እንኳ አስተያየት የምትልክልኝ ሰው ሦስት ቀን ሙሉ ጠፋች። በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ቤቷ ሄድኩ። ፀጉሯ ሳይታጠብ፣ በቤት ቁምጣ በሩን ከፈተች።

«ምን ፈለግሽ?»

«ያመመሽ መስሎኝ።»

«አላመመኝም። ቀንቼ ነው።» ደረቷን በመዳፏ ተጫነች። «እዚህ ጋ ይይዘኛል። ምግብ አልወርድ አለኝ። ሥራ በመያዝሽ ደስ ይለኛል፣ ወዲያው ደግሞ ፀጉርሽን መንጨት ያምረኛል። ዎንጁ፣ ይኼን ይዘሽ ነው ሁለት ዓመት አጠገቤ የተቀመጥሽው?»

«አዎ።»

«ማክሰኞም ዓርብም?»

«ማክሰኞም ዓርብም።»

«በእናትሽ፣ እንዴት ቻልሽው?»

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እሷ የማታውቀውን፣ እኔ ግን አብጠርጥሬ የማውቀውን ነገር ጠየቀችኝ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁና ወለሉ ላይ ተደላድዬ ተቀመጥኩ።

«መጀመሪያ ብይ» አልኳት። «በባዶ ሆድ ይብሳል። ሁለተኛ፣ እንዳትርቂኝ። እኔ ሞክሬዋለሁ። አንድ ማክሰኞ ሆን ብዬ ቀርቼ ምን እያለች ይሆን ስል ነው የዋልኩት።»

«ሦስተኛስ?»

«ሦስተኛ የለውም። እንዲሁ እየቀናሽ ትኖሪያለሽ።»

ሳቅም ልቅሶም ያልሆነ ድምፅ አወጣች። ከዚያ ሥራ በምጀምርበት ሰኞ ምን እንደምለብስ ጠየቀችኝ። ስነግራት «ያን ጆንያ? በሱማ የአሳንሰሩ በር ይይዝሻል» ብላ ተነሣችና የራሷን ጥቁር ኮት ከቁም ሣጥን አወጣች። አሥራ ሁለት ቃለ መጠይቅ የገባ ኮት ነው፤ እንደ አዲስ ተተኩሷል። ዓይኔን ሳታይ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ይቺን ሴት እወዳታለሁ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ለራሴም እንኳ ብዬው አላውቅም ነበር።

ሰኞ ጠዋት ለብሼው ሥራ ገባሁ። ትከሻው ይሰፋኛል፣ እጅጌውም ይረዝማል። እሷ ላይ ሲሆን ያምር ነበር፤ በፋብሪካው አሳንሰር መስታወት ራሴን እያየሁ እስከ አምስተኛ ፎቅ ድረስ ቀናሁባት።