ቁልቁል የተሞከረ ሞተር

ቁጭ ብዬ ባወራችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አልችልም። ወንበር አይስማማኝም። ሰው ቤት ገብቼ ተቀመጥ ሲሉኝ አመሰግናለሁ እልና መስኮቱ አጠገብ ሄጄ እቆማለሁ። ባለቤቴ ዘሀራ "የእኔ ባል ቆሞ ነው የሚተኛው" ትላለች። ታጋንናለች። ለማንኛውም እናንተ ተቀመጡ፤ እኔ ወዲያ ወዲህ እያልሁ ላውራችሁ።

ነገሩን ያነሳሳው የጎረቤቴ ልጅ ነው። ሥራ ይዟል፣ ሞተር ብስክሌት ሊገዛ አስቧል፣ ትናንት መንገድ ላይ አግኝቶኝ ምክር ጠየቀኝ። ገንዘቡ ብዙ አይደለም። ሞተሩ ግን አስፋልትም ጭቃም እንዲሆንለት፣ በጣም ትልቅም በጣም ትንሽም እንዳይሆን ይፈልጋል። ሳቄ መጣ። እኔም በደርግ ጊዜ፣ በእሱ ዕድሜ፣ ቃል በቃል እንዲሁ ነበር ያልሁት። ታዲያ ምን መከርኸው ትሉኝ ይሆናል። ሽቅብ ሞክረው አልሁት። ሌላ ምክር የለኝም።

ያን ጊዜ ኮምቦልቻ፣ ፋብሪካ ውስጥ፣ የጨርቅ ጥራት ተቆጣጣሪ ነበርሁ። ሥራዬ ከፊቴ የሚያልፈውን ጨርቅ እያየሁ የተበጠሰ ክር መፈለግ ነው። ከሺህ ክር አንዷ ብትጎድል አታመልጠኝም። ይህን የምነግራችሁ ዓይኔ ጤነኛ እንደነበረ እንድታውቁልኝ ነው።

ዘሀራ ደግሞ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ነበረች። አባቷ ጋሼ እንድሪስ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሽማግሌ ብልክባቸው እሺም እምቢም አላሉም። "ልጁን አላውቀውም። ለስድስት ወር እሑድ እሑድ በጧት እየመጣ ይታየኝ። አንድ እሑድ ከቀረ ግን ነገሩ ቀርቷል" አሉ። በቃ። እሑድ ደሴ ከደረስሁ ዘሀራ አለች፤ ካልደረስሁ የለችም።

ቀላል ይመስላል አይደል? ኮምቦልቻና ደሴ እኮ ጎረቤት ናቸው። ግን መናኸሪያው! ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሄጄ እሰለፋለሁ። ሰልፉ አይንቀሳቀስም፤ እኔ ደግሞ ሳልንቀሳቀስ መቆም አልችልም። ትንሽ ዞር ብዬ ስመለስ ተራዬ ተይዟል። አንዳንድ ጊዜም አውቶቡሱ ለዘመቻ ተፈልጓል ይባልና ሁላችንም እንበተናለን። በሦስተኛው እሑድ ሆጤ የደረስሁት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ጋሼ እንድሪስ ከስፌት መኪናቸው ቀና ብለው የግድግዳውን ሰዓት አዩና ወደ ስፌታቸው ተመለሱ። ምነው በተቆጡኝ ኖሮ! ሳምንቱን ሙሉ ያ ሰዓት ከፊቴ አልጠፋ አለ። ሞተር መግዛት አለብኝ አልሁ።

ዕቁብ ወጣልኝና ምርጫ ጀመርሁ። ምርጫ ስላችሁ፣ በሁለቱ ከተማ የሚሸጥ ሞተር ያገኘሁት ሦስት ነው። አንደኛው የጣሊያን ጊዜ ትልቅ ሞተር፤ ከወደቀ ለማንሳት አራት ሰው ይፈልጋል። ሁለተኛው ትንሽዬ፤ ስቀመጥበት ጉልበቴ አገጬን ይነካል። ሦስተኛው መካከለኛ ነበር። ከመሬት ከፍ ያለ፣ ጎማው ሻካራ፣ ለድንጋይም ለአስፋልትም የሚሆን። ልቤ እሱ ላይ ቀረ። ሥራ ላይ ቆሜ ጨርቁ ከፊቴ ሲያልፍ እኔ በሐሳቤ ባቲን አልፌ አሳይታ ደርሻለሁ። ቀበሌ የሚሰጠኝ የይለፍ ወረቀት ባቲ ሳይደረስ ካለችው ደጋን አያሳልፍም ነበር፤ ሐሳብን ግን ኬላ ላይ የሚፈትሸው የለም።

የሞተሩ ባለቤት ይመር የሚባል የደሴ ነጋዴ ነው። ሞክሬ ልግዛ አልሁት። "መሞከርማ ግድ ነው! ግን ከተማ ውስጥ ሰው ይበዛል፤ ሐረጎ አናት ላይ እንገናኝ" አለኝ። ሐረጎን የማያውቅ ካለ፣ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው ጠመዝማዛ ዳገት ነው። ዳገት ወይም ቁልቁለት፣ እንደ ቆማችሁበት። ያን ቀን እኔ የቆምሁት አናቱ ላይ ነበር።

ይመር ሞተሩን አስነሣው። ተነሣ። ወዲያው መልሶ አጠፋው። "ቤንዚን በኩፖን ነው ወንድሜ፤ ቁልቁለት ላይ ማን ያቃጥላል?" አለኝ። እውነቱን ነው። በዚያ ዘመን ሐረጎን ሞተር አስነሥቶ የሚወርድ ሰው ብርቅ ነበር። ከባድ መኪናው ሳይቀር አጥፍቶ በዜሮ ማርሽ ይንሸራተታል። እኔም ይመርን ከኋላ ጫንሁና ለቀቅሁት።

ወላሂ፣ እንደዚያ ያለ ሞተር አይቼ አላውቅም! ጠመዝማዛውን ሲይዝ፣ ጉድጓዱን ሲዘል፣ ነፋሱ ሸሚዜን ሲነፋው! ድምፅ የለው፣ ጭስ የለው፣ መንቀጥቀጥ የለው። ኮምቦልቻ ስንደርስ "ምን ዓይነት ጸጥ ያለ ሞተር ነው!" አልሁት። ይመር አንገቱን ደፍቶ "ማሻ አላህ በል፣ ዓይን እንዳይበላው" አለኝ። ማሻ አላህ አልሁ፣ ከፈልሁ፣ ተጨባበጥን። ከሺህ ክር አንዷን የሚያየው ዓይኔ፣ የጠፋ ሞተር ላይ ተቀምጬ እንደመጣሁ አላየልኝም።

እሑድ አዲስ ሸሚዝ ለብሼ ወደ ደሴ ተነሣሁ። ሜዳውን እሺ ብሎ ሄደ። ሐረጎ እግር ስር ሲደርስ ማሰብ ጀመረ። ሁለተኛው ጠመዝማዛ ላይ አቃሰተ። ሦስተኛው ላይ ቆመ። እንጨት የጫነች አህያ አለፈችኝ፤ ባለቤቷም ዞር ብሎ "አይዞህ" አለኝ። ምን ላድርግ? ሰዓቱ እየሄደ ነው። አንድ የጭነት መኪና አስቁሜ ሹፌሩን ለመንሁና ሞተሩን ከጤፍ ኩንታል ጋር ጭነን ደሴ ገባን። ሆጤ መታጠፊያው ላይ አስወረድሁት፣ አስነሣሁት፣ የቀረችውን ሜዳ እያንባረቅሁ ጋሼ እንድሪስ ደጃፍ ደረስሁ። ዘሀራ በመስኮት ብቅ አለች። ጋሼ እንድሪስ ወጥተው ሞተሩን ዞር ዞር ብለው አዩትና "በዚህ ነው የመጣኸው?" አሉኝ። አዎ አልሁ። ውሸት አይደለም፤ መኪናው ላይም የተቀመጥሁት ሞተሩ ላይ ነበር።

እንዲህ እያልሁ ወር አለፈ። እሑድ ጧት ተጭኖ መውጣት፣ ከሰዓት በኋላ አጥፍቶ በክብር መውረድ። ሹፌሮቹ ለመዱኝ። አንደኛው ገና ከሩቅ ሲያየኝ "ሙሽራው መጣ፣ ቦታ ልቀቁ!" ይላል። እነሱ ይስቃሉ፣ እኔ እቃጠላለሁ። በተጫነ ሞተር ሚስት ይጠየቃል?

ኮምቦልቻ ውስጥ ባሻ መኮንን የሚባሉ፣ ከጦር ሠራዊት በጡረታ የወጡ መካኒክ ነበሩ። እሳቸው ዘንድ ወሰድሁት። ግን የሰው ነገር ሆኖብኝ ከሆዱ ሳይሆን ከመልኩ ጀመርሁ። የዕርዳታ ዘይት የመጣበትን ጣሳ አስቆርጬ በግራና በቀኝ የዕቃ ሣጥን አሠራሁለት። ከአሮጌ አልጋ ብረት የኋላ መጫኛ አስበየድሁ። ቆሜ እንድነዳው መሪውን ከፍ አስደረግሁ። ጠጠር እንዳይሰብረው መብራቱን በሽቦ አጠርሁት። ሲያልቅ ዓለምን ሊዞር የተነሣ መሰለ። ክብደቱም እንደዚያው። ከዚያ በኋላ ሐረጎ ሳይደርስ ነው ማሰብ የሚጀምረው። የጭነት መኪናው ሹፌር እንኳ "ወንድሜ፣ ይሄ ነገር እየወለደ ነው እንዴ?" አለኝ።

ባሻ መኮንን ይህን ሁሉ እጃቸውን አጣምረው ያዩ ነበር። በመጨረሻ "አስጊጠህ ጨረስህ?" አሉኝ። ጨረስሁ አልኋቸው። "እንግዲያው አሁን ፍታው።" አስፈቱኝ። ሣጥኑም የአልጋው ብረትም ወለቀ። ቤንዚኑን የሚለኩሰውን ካንዴላ ቀየሩ። ጥላሸት የደፈነውን የጭስ ማውጫ በእሳት አጸዱት። ከሁሉም በላይ ግን፣ ሰንሰለቱ የሚያርፍበትን የኋላ ጎማ ጥርሳም ብረት አወጡና በእሱ ፋንታ ሰፋ ያለ፣ ብዙ ጥርስ ያለው አስቀርጸው ገጠሙለት። "ሩጫው ይቀንሳል። ዳገቱን ግን ይወጣዋል፤ ሁለት ሰው ብትጭንም ይወጣዋል" አሉኝ። ለዚህ ሁሉ ያስከፈሉኝ ለአልጋው ብረት ካወጣሁት ያነሰ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ሐረጎን ወጣሁት። ቀስ ብሎ፣ እየተነፈሰ፣ ግን ወጣሁት! ያ ሹፌር ከኋላዬ ጡሩምባ ነፋልኝ። አናቱ ላይ አቁሜ አለቀስሁ። ነፋሱ ነው ብዬ ለሰው አውርቻለሁ፤ ነፋስ አልነበረም።

ሆጤ ስደርስ ምላሴን መያዝ አቃተኝ። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳልጨርስ "ጋሼ እንድሪስ፣ ዛሬ ከኮምቦልቻ እስከዚህ ድረስ ዳገቱን በራሱ ወጣው! ሁለት ሰውም ያወጣል!" አልኋቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነው። ፊታቸው ጠቆረ። መቀሳቸውን አስቀመጡ።

"እንዴት? ያ መኪና ላይ የሚጫነው አይደለም እንዴ?"

ያውቃሉ! ለካ የጤፉ ባለቤት ደንበኛቸው ኖሯል። ከመጀመሪያው እሑድ ጀምሮ ያውቃሉ።

"ስማኝ ልጄ" አሉ። "ዘሀራ ሁለት ታላላቅ እህቶች አሏት። ቅርብ ይሁኑልኝ ብዬ ሁለቱንም እዚሁ ደሴ ዳርኋቸው። ባሏ ወጡ ጨው በዛው ካለ ሻርፗን ጣል አድርጋ እዚህ ናት። አንዷ ታርቃ ስትሄድ ሌላዋ ትገባለች። ሥራዬ ሽማግሌ መቀበል ሆነ፤ ልብስ የምሰፋው መቼ ነው? አንተ ስትመጣ፣ ይሄ ልጅ የሚኖረው ኮምቦልቻ ነው፣ ሞተሩም መውረድ እንጂ መውጣት አያውቅም፤ አንዴ ካወረዳት እዚያው ተቻችለው ይኖራሉ ብዬ አልሐምዱ ሊላህ አልሁ። ለእናቷም ነግሬ ጨርሻለሁ። ዛሬ መጥተህ ሁለት ሰው ያወጣል ትለኛለህ?"

ዘሀራ በሩ ላይ ቆማ አፏን በእጇ ይዛለች፤ ታልቅስ ትሳቅ አልለየሁም። ስንት እሑድ የለፋሁባት ልጅ በአንድ ብረት ልታመልጠኝ ነው። "የድሮውን ጥርስ እመልስበታለሁ ጋሼ" አልሁ። ወላሂ በል አሉኝ። ልል አፌን ከፈትሁ፤ አልወጣ አለኝ። ሐረጎን ከወጣሁ ገና ሰዓት አልሞላኝም እኮ! "ኢንሻ አላህ" አልሁ። መቀሳቸውን መልሰው አነሡና እሳቸውም ኢንሻ አላህ አሉ።

ስድስት ወሩ ሲሞላ ኒካሑ ታሰረ። ዘሀራን ከኋላ ጭኜ፣ ሞተሩን አጥፍቼ፣ ሐረጎን ወረድን። ጥርሱስ ካላችሁኝ፣ አልመለስሁትም። ነገ ነገ እያልሁ ነበር። ዘሀራ መንገዱን ሙሉ ትጠይቀኛለች፤ ይሄ ምንድን ነው፣ ማርሹ በምን ይገባል፣ ፍሬኑ የቱ ነው። ደግሞ እኔ ስለ ሞተር የሚጠይቀኝ ሰው አግኝቼ ነው? ከሥራ በኋላ ቦርከና ወንዝ ዳር ሜዳው ላይ መንዳት አስተማርኋት። በሁለት ሳምንት በለጠችኝ፤ እሷ ተረጋግታ ትቀመጣለቻ።

በአራተኛው ወር ተጣላን። ጥፋቱ የእኔ ነው። የሞተሩን ካርቡራተር ፈትቼ ያጸዳሁት፣ ምግብ በምንበላበት ትሪ ላይ ነበር። "ከገባሁ ጀምሮ አንተን ተቀምጠህ ያየሁህ ሞተሩ ላይ ብቻ ነው። አንድ ቀን እንኳ አጠገቤ ቁጭ ብለህ ብትበላ ምን ነበረበት?" አለችኝ። እኔም ቆሜ መለስሁላት። ያልሁትን አልነግራችሁም፤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ዘሀራ የለችም። ጓሮ ስወጣ ሞተሩም የለም። ጎረቤታችንን ጠየቅሁ። ሻሿን አጥብቃ አስራ፣ የእኔን ሱሪ ለብሳ፣ በደሴ መንገድ ነጎደች አለችኝ። ኬላው ላይ ያሉት ወታደሮች ከመገረማቸው የተነሣ ወረቀት ሳይጠይቁ ገመዱን ዝቅ አደረጉላት ሲሉ በኋላ ሰማሁ። መጀመሪያ ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ? ኩራት። ሐረጎን በስንተኛ ማርሽ ወጣችው እያልሁ አሰብሁ። ቀጥሎ ግን መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ሚስቴ ሄዳለች። አማቴም አሁን ደጃፋቸው ላይ ዳገት የወጣ ሞተር ቆሞ እያዩ ነው።

በነጋታው ሽማግሌ ላክሁ፤ ባሻ መኮንንንና ሁለት ጎረቤቶች። እኔ ግቢው ውስጥ ስንጎራደድ ዋልሁ። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ከአውቶቡስ ወርደው መጡ፤ ከኋላቸው ዘሀራ ሱሪዬን እንደለበሰች አለች። ይቅር በይኝ አልኋት። እንባዬም መጣ፤ እሷ ግን ሳቀች። ሁላችንም ገብተን አረፍ ካልን በኋላ፣ ቀስ ብዬ፣ ሞተሩስ አልሁ።

ባሻ መኮንን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "በእሷ ነገር ታርቀናል። በሞተሩ ነገር ግን እርቅ አልተገኘም። አማትህ፣ ልጄን ይውሰድ፣ የሚያመጣት ግን እኔ ዘንድ ይቀራል ብለዋል። እኛም ተማክረን እውነት አላቸው አልን።"

ሞተሩ ሆጤ ቀረ። ጋሼ እንድሪስ በተረፈ ሸራ በልኩ ልብስ ሰፍተው አለበሱት። ከዚያ ወዲህ ዘሀራ አኩርፋ አባቷ ቤት ሄዳ አታውቅም። ስንጣላ አኩርፌ እዚያ፣ ሞተሩ ዘንድ፣ የምሄደው እኔ ሆንሁ።