እኔ ስቀር የሄደው ስሜ

ሰው የገዛ ስሙን ይረሳል ቢሏችሁ ታምናላችሁ? እኔም አላምንም ነበር። ግን ቆይ፣ የትኛውን ስም? እዚህ ሚኒሶታ ያለን ሰዎች ስማችን እንደ ጥር ልብሳችን ድርብርብ ነው። እናትና አባቴ ያወጡልኝ ደረጀ አለ፤ እሱ በመታወቂያዬ ላይ፣ በአፓርትመንቱ ሊዝ ላይና በባለቤቴ በሮማን ቁጣ ውስጥ ይኖራል። ሱፐርቫይዘሬ ደግሞ ሦስት ሳምንት ሙሉ «ደረጀ» ለማለት ታግሎ ሲያቅተው «ዴሪክ» አለኝ፤ እኔም ለሰላም ስል ዴሪክ ሆኜ ቀረሁ። ሦስተኛው የክርስትና ስሜ ነው። በአርባ ቀኔ ስነሣ የተሰጠኝ፣ በሰማይ የምታወቅበት፣ ሞቼም የምጠራበት ስም። የጠፋኝ እንግዲህ ይኸኛው ነው።

ከሃዲ ነህ እንዳትሉኝ። በተማሪነቴ እግዚአብሔር የለም እያልኩ የተከራከርኩባቸው ጥቂት ወራት ነበሩ፣ አልዋሽም፤ እናቴ ሰማችና በእርጥብ ፎጣ ጓሮ ድረስ አባረረችኝ፣ ክርክሩም በዚያው አበቃ። እዚህ አገር ከቤተ ክርስቲያን የራቅነው በክርክር አይደለም። በኦቨርታይም ነው። መጀመሪያ አንድ እሑድ ሺፍት ያዝኩ፤ በሚቀጥለው እሑድ የደከመኝን ተኛሁ፤ በሦስተኛው ልብስ አጠብኩ። እንዲህ እንዲህ እያለ ስድስት ዓመት ነጎደ። ይህ ሁሉ ሲሆን ማንም ሃይማኖቱን የለወጠ የለም፤ የተለወጠው ስኬጁል ብቻ ነው።

ቄስ መርሻ ይህንን ሁሉ ያውቃሉ። እሳቸው የእኛዋ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ናቸው፤ የእኛዋ ስል ግን የራሷ ጣሪያ ያላት እንዳይመስላችሁ፣ የፈረንጆች ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ተጠግታ የምትኖር ናት። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሴንት ሉዊስ ፓርክ ያለ አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ያጥባሉ፤ እሑድ ይቀድሳሉ። የሚቀድሱት ደግሞ ለስምንት ሰው ነው፣ እሱም ዲያቆኑ ከተቆጠረ። ባለቤቶቹ ፈረንጆች፣ ጨዋ ሰዎች ናቸው፣ ፈገግ እያሉ «ለስምንት ሰው ይኼን ያህል አዳራሽ አይበዛም? ሌሎችም እየጠየቁን ነው» ማለት ጀምረዋል። ፈረንጅ ፈገግ ብሎ ሲጠይቃችሁ ዕቃችሁን መሸከፍ ጀምሩ።

ስለዚህ ቄስ መርሻ ቅዳሜ ቅዳሜ በባስ እየዞሩ የጠፉ በጎቻቸውን መፈለግ ያዙ። አንድ ቅዳሜ ተራው እኛ የምንኖርበት ሰፈር፣ ክሪስታል፣ ደረሰና በራችን ተንኳኳ። ሮማን በቀዳዳው አየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አባ ናቸው!» ቤቱ እንዳልሆነ ሆኖ ነበር፤ እኔም ብሆን በፒጃማ ነኝ፤ ደግሞስ ለስድስት ዓመት ምን ይባላል? ቴሌቪዥኑን አጠፋሁና ሁለታችንም ትንፋሻችንን ዋጥን። አዎ፣ ሁለት ትልልቅ ሰዎች።

ከደጅ የጋሽ ሰይድ ድምፅ ተሰማ። ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው፣ እስላም፣ ጎረቤታችን ናቸው፤ በራቸው ከበራችን ፊት ለፊት ነው።

«ኧረ አሉ አባቴ! መኪናቸው እንኳ ገና በረዶ አልያዘውም፤ አሁን ነው የገቡት።»

«ግዴለም፣ ደክሟቸው ይሆናል፤ ይረፉ» አሉ ቄሱ።

«ባሱ እንግዲህ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው። ቄስ ደጅ አይቆምም፤ ይግቡ እኔ ዘንድ!»

ገቡ። ግድግዳችን ስስ ነው፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ሻይ እየጠጡ ሲሳሳቁ አንድ በአንድ ይሰማናል። የእኛን ቄስ እስላሙ ጎረቤታችን ሲያስተናግድልን እኛ ሶፋ ላይ ተኮራምተን እንደ ሌባ እናዳምጣለን። ሮማን ከዚያ በላይ አልቻለችም። «በፈጠረህ ሂድና አምጣቸው! እኔስ መሬት ብትውጠኝ!» አለችኝ። ፀጉሬን አንጨባርሬ፣ ዓይኔን እያሻሸሁ፣ አሁን ገና የነቃሁ መስዬ ሄድኩ።

ቄስ መርሻ ቀና ብለው አዩኝ። «ተኝተህ ኖሯል ልጄ? ቴሌቪዥኑም አብሮህ ተኛ።»

ጋሽ ሰይድ ሻያቸው ትን አላቸው።

ቤታችን ገብተው ባረኩና ስለ መቅረታችን አንዲት ቃል ሳይናገሩ ከወፍራም የክረምት ካፖርታቸው ኪስ ደብተርና እርሳስ አወጡ። የተቆጣ ሰውን መቋቋም ቀላል ነው፤ ያልተቆጣ ቄስ ግን እንዴት ይቻላል? «እናንተ መምጣት ካልቻላችሁ ስማችሁን ስጡኝ» አሉ። «በየሳምንቱ በጸሎት አነሣዋለሁ። ሰውዬው ባይመጣ ስሙ ይምጣ። ክርስትና ስምህ ማነው?»

አፌን ከፈትኩ። ምንም የለም። ገብረ... ኃይለ... ተክለ... ኧረ ባዶ! ሮማን ታየኛለች፣ ቄሱ እርሳሳቸውን አሹለው ይጠብቃሉ፤ ረሳሁት ከማለት ደግሞ ሞት ይሻላል። «ወልደ ማርያም» አልኩ። መጀመሪያ ምላሴ ላይ የመጣው እሱ ነበር፤ ማርያም እንደሁ ማንንም አታስቀይምም። ቄሱ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና ጻፉ፤ ሮማንም በተራዋ የራሷን በጆሯቸው ሹክ አለቻቸው።

ከዚያ በኋላማ ምን ልበላችሁ፣ እንዲህ ያለ ምቾት አይቼ አላውቅም። እሑድ ጧት ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዬ ስቤ «ስሜ ሄዷል» እላለሁ። ኢገን ከተማ የሚኖረው ታክሲ ነጂው ጓደኛዬ ተሾመም ስሙን ልኮ በሰላም ይነዳል። ሁሉም ላከ። ደብተሩ ሞላ፣ አዳራሹ ባዶውን ቀረ። ቄስ መርሻ ደብተሩን ይዘው ሲጸልዩ ከቅዳሴው እኩል ይረዝማል ይባላል፤ ይባላል የምለው እኔ ስለሌለሁ ነው።

እንዲህ ሁለት ዓመት በደስታ ከቀረሁ በኋላ ሐሞቴ ውስጥ ጠጠር ተገኘ። «ቀላል ሰርጀሪ ነው፣ ማክሰኞ እናወጣዋለን» አለኝ ሐኪሙ። ቀላል ከሆነ ታዲያ አንድ ነገር ብትሆን ለማን እንደውል ብሎ ማስፈረም ምን አመጣው? ፈራሁ። ጀግና ነኝ አልልም። ፍርሃቱ ላይ ደግሞ ያቺ ሐሳብ መጣችብኝ፦ የሁለት ዓመት ጸሎት የት ገባ? አንድ የማላውቀው እውነተኛ ወልደ ማርያም የእኔን ድርሻ እየወሰደ የሆነ ቦታ ይወፍራል፤ እኔ በሰማይ መዝገብ ላይ የለሁም። በዚህ ሁኔታ ቢላዋ ስር ልገባ ነው!

አዲስ አበባ ላለችው ታላቅ እኅቴ ደወልኩ። «እትዬ አስካለ፣ ክርስትና ስሜ ማን ነበር?»

«በስመ አብ! ክርስትና ስምህን ረሳኸው? ምን አስነኩህ?» ስታማትብ በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል። «ክንፈ ገብርኤል ነው እንጂ! ለምን ፈለግኸው? አመመህ እንዴ?»

«ኧረ ለፎርም ነው» አልኳት። ውሸት አንዴ ከለመደ አያፍርም።

ወዲያው ለቄስ መርሻ ደውዬ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ሰርጀሪውን፣ ፍርሃቱን፣ ስሙን። ሰሙኝና «ደብተሩ ቤተ ክርስቲያን ነው» አሉ። «ስም የሚታረመው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ባለስሙ ራሱ ቆሞ ነው።»

«አባ፣ በስልክ አይሆንም?»

«ልጄ፣ ሐሞትህንስ በስልክ ነው የሚያወጡልህ?»

እሑድ ሺፍቴን ካንሰል አድርጌ ሄድኩ። ብዞር ብዞር ፓርኪንግ ጠፋ። ፈረንጆቹ ሠርግ አላቸው ብዬ ወረድኩ፤ ምድር ቤቱ ጢም ብሏል! ቅዳሴው እስኪያልቅ እግሬን እያፈራረቅኩ ቆምኩ፤ ሲያልቅ ደብተሩ ወዳለበት ጠረጴዛ ስሄድ ረጅም ሰልፍ። ከፊቴ ያለው ተሾመ ነው።

«አንተ ደግሞ ምን እግር ጣለህ?» አልኩት።

አንገቱን አከከ። «ትንሽ እርማት ነበረችኝ... አባ ደውለው አንድ ወልደ ማርያም ሰርጀሪ ሊገባ ነው፣ ለየትኛው እንደምጸልይ ግራ ገብቶኛል፣ እየመጣችሁ ተለዩልኝ አሉኝ። እኔ ደግሞ እውነቱን ለመናገር ወልደ ማርያም አይደለሁም፤ በሰው በሽታ ተሳስቼ እንዳልጠራ ብዬ ነው።» ከዚያ ጠርጠር አድርጎ አየኝ። «አንተስ ማን ብለህ ነበር?»

«ወልደ ማርያም።»

ከፊት ያሉት ሁሉ ዞሩ። ወንዶቹ በሙሉ ወልደ ማርያም፣ ሴቶቹ በሙሉ ወለተ ማርያም። ሮማን ከኋላዬ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች፤ ስሜን ስጠየቅ ያን ያህል አፍጥጣ ስታየኝ የነበረች ሴት! ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ ይሏል ይኼ ነው።

ቄስ መርሻ ቀስ ብለው አንድ ስም በላጲስ አጠፉ፣ እፍ አሉ፣ ጻፉ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ደብተሩን ዘጉት። «ዓይኔ ደክሟል፤ በቀን ከሦስት በላይ አይሆንልኝም። የቀራችሁ በሚመጣው እሑድ።»

እኔ ሰባተኛ ነበርኩ። ሰልፉን ጥሼ ሮጥኩ። «አባ፣ እኔ እኮ ማክሰኞ ነኝ! በሰው ስም ልሙት?»

ትከሻዬን ያዙኝ፤ እጃቸው ከአንሶላው ሳሙና ብዛት ሻክሯል። «እኔ ላንተ አንድም ቀን ወልደ ማርያም ብዬ ጸልዬ አላውቅም። ክሪስታል፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ቴሌቪዥን አጥፍቶ ለሚደበቀኝ ልጄ ነው የምለው። እግዚአብሔር ቤትህ አይጠፋውም።»

  «ታዲያ እርማቱ ለምን አስፈለገ?» አልኩ።

«እሱማ ላንተ ነው» አሉና ፈረንጁ ባለቤት በደረጃው አፍ ላይ ቆሞ ሕዝቡን ሲቆጥር አይተው እጅ ነሱት።

ማክሰኞ ነርሷ ስሜን ስትጠይቀኝ በድንጋጤ «ክንፈ ገብርኤል» አልኳትና ሆስፒታሉ እጄ ላይ ባሰረው አምባር ላይ ደረጀ የሚል ስላገኘች ሰርጀሪው ግማሽ ሰዓት ዘገየ። ጠጠሩ ወጣ። በሚቀጥለው እሑድ ሆዴን ደግፌ ሄድኩ፤ ተራው ተሾመ ላይ ቆመ። በሦስተኛው እሑድ ስሜ ታረመ፣ በዓይኔ አየሁት፣ ክንፈ ገብርኤል፣ በእርሳስ። ጉዳዬ አለቀ።

በአራተኛው እሑድ ተሾመ ደውሎ «ዛሬ ደግሞ ምን ልትሠራ ነው የምትሄደው?» አለኝ። ቁልፌን ይዤ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ «አንተስ የት ነህ?» አልኩት። ለካ እሱ ራሱ የደወለው ከቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ነበር።