ጀልባዋና ዳቦው አይገናኙም

በዚህ ዓለም አንዱ ከሌላው ጋር ምንም የማይገናኝ ሁለት ነገር ያለው በፈተና ወረቀት ላይ ብቻ ነው። በደርግ ጊዜ እኔ ባሕር ዳር የተማርሁበት ክፍል ገብታችሁ ቢሆን ኖሮ ይህን ለማመን አትቸገሩም ነበር።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ፤ ማትሪክ ደርሷል። በዚያ ዘመን ማትሪክ የወደቀ ጎረምሳ ምን እንደሚጠብቀው መቼም አታጡትም። አገሩ በጣም ስለሚወደው ጠመንጃ አሸክሞ ወደ ሰሜን ይሸኘዋል። እኔ ደግሞ ከሂሳብ ሁሉ ጨርሶ አልገባ ያለኝ ፕሮባብሊቲ ነበር።

የሂሳብ መምህራችን ጋሽ ይስማው ረጋ ያሉ፣ ኮታቸው ከጠመኔ ብናኝ ተለይቶ የማያውቅ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ «ነጻ ክስተቶች» ብለው ጻፉ።

«የአንዱ መሆን የሌላውን መሆን ካልነካው ነጻ ናቸው እንላለን። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከመጣ አትደናገጡ፤ ሁለቱን ዕድሎች ማባዛት ነው። የቁንዝላ ጀልባ ቅዳሜ የመምጣት ዕድሏ አንድ ሁለተኛ ነው እንበል። ዓባይ ማዶ ዳቦ የመገኘት ዕድሉ አንድ ሦስተኛ። ጀልባዋም መጥታ ዳቦም የመገኘቱ ዕድልስ?»

«አንድ ስድስተኛ» አልን በኅብረት። በኅብረት መመለስ ላይ ያን ጊዜ የሚያህለን አልነበረም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት… ግን የትምህርት ቤቱ ካድሬ ጓድ ደረሰ ያን ዕለት ከኋላ ተቀምጦ ትምህርቱን ይከታተል ነበር። ሂሳብ አያውቅም፤ ሂሳብ ሲሳሳት ግን ያውቃል። ተነሣ።

«ጓድ መምህር፣ ነጻ ያሉት ከምን ነጻ ነው?»

«አንዱ ከሌላው ነዋ፣ ጓድ።»

«ዲያሌክቲክስ በዓለም ያለው ነገር ሁሉ የተያያዘ ነው ይላል። እርስዎ ያልተያያዘ ነገር አለ ብለው ነው ወጣቱን የሚያስተምሩት?»

ጋሽ ይስማው ጠመኔ በያዙበት እጅ ላባቸውን ጠረጉና ግንባራቸው ነጣ። «ለፈተና ያህል ነው» አሉ።

መምህሬ አሳዘኑኝ። ልርዳቸው ብዬ እጄን አወጣሁ። ሰው መርዳት የሚባል በሽታ አለብኝ… እስካሁንም አልለቀቀኝ።

«ጓድ ደረሰ ልክ ናቸው» አልሁ። «ጀልባዋና ዳቦው ይገናኛሉ።»

የጓድ ደረሰ ፊት በራ። «ጎሽ፤ እስቲ አስረዳቸው።»

«ጀልባዋ የምትቀረው ናፍጣ ሲጠፋ ነው። ወፍጮውም የሚቆመው ናፍጣ ሲጠፋ ነው። ወፍጮ ከቆመ ዱቄት የለም፤ ዱቄት ከሌለ…»

«ናፍጣ ጠፍቷል ነው የምትለው?» አለኝ ቀስ ብሎ። ቀስ ማለቱ ነው ያርበደበደኝ።

ያን ጊዜ እጥረት የሚባል ነገር እንዳልነበረ ታስታውሳላችሁ። ሰልፍ ነበር እንጂ እጥረት አልነበረም። እናም ጓድ ደረሰ ተጨነቀ። ጀልባዋና ዳቦው ይገናኛሉ ካለ ናፍጣ የለም ማለቱ ነው፤ አይገናኙም ካለ ዲያሌክቲክስ ሊቀየመው ነው። አንዴ እኔን፣ አንዴ ጣሪያውን አየ። በመጨረሻ ወሰነ።

«ጀልባዋና ዳቦው ምንም ግንኙነት የላቸውም።»

«እንግዲያው እናባዛለን» አሉ ጋሽ ይስማው ወደ ሰሌዳው ዞረው። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ ስቀው ይሁን ፈርተው አላወቅሁም።

እኔ በውይይት ክበብ ፊት ቆሜ ግለ ሂስ አደረግሁ። የማይገናኙ ነገሮችን አገናኝቻለሁ፣ ሁለተኛ አላገናኝም ብዬ ማልሁ። ተጨበጨበልኝ። ከዚያ ወዲያ ምንም ነገር ከምንም ሳላገናኝ አጠናሁ፤ ለፕሮባብሊቲ እንዲህ ያለ ፍቱን መድኃኒት የለም። ማትሪክ ላይ ሁለት ጊዜ ስለተወረወረ ሳንቲም ተጠየቅሁ። ማን ወረወረው፣ ለምን ወረወረው አላልሁም። አባዛሁ፤ አለፍሁ።

ውጤቱ እንደ መጣ ላመሰግናቸው ጋሽ ይስማው ቤት ሄድሁ። አልጋቸውን ፈተው ዕቃ ሲያስሩ ደረስሁ። መኪና ወደማይገባበት ወረዳ ተዛውረዋል።

«ምነው ጋሼ?» አልሁ።

«በራስዎ ጥያቄ ነው አሉኝ» አሉ ገመዱን እያጠበቁ።

«ጠይቀው ነበር እንዴ?»

«አዎ» አሉ። «ምን አጠፋሁ ብዬ ጠይቄ ነበር።»