ዙሀይራን ለማስጠየቅ ሰፈሩ ሁሉ ዋይፋይ ያጠፋበት ጠዋት

መብራት የሌለው ሰፈር አለ፤ ውሃ የማያገኝ ሰፈርም አለ፤ ሁሉን አዋቂ የሌለው ሰፈር ግን ከሮቤ እስከ ጎባ ብትዞሩ አታገኙም። ለዙሀይራ ሰፈር የደረሱት ጋሽ ፍቅረየሱስ ናቸው። ጡረታ የወጡት ከእህል መጋዘን ነው። ይሁን እንጂ ቴሌቪዥን ሲበላሽ፣ ላም ስትታመም፣ ሰው ፍርድ ቤት ሲቀጠር የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። እውነቱን ለመናገር፣ ሳይጠሩም ይመጣሉ።

የዛሬው ጠዋት ግን የሚቀለድበት አልነበረም። ትናንት ማምሻውን የወረደው በረዶ መብራት አጥፍቶ፣ የሰፈሩን የስልክ መስመር በጣጥሶት ነበር። ሲነጋ መብራቱ መጣ። ኢንተርኔት ግን የመጣው ዙሀይራ ቤት ብቻ ነው፤ መጣ ከተባለ። አንድ ገጽ እስኪከፈት ሻይ ጥዶ ማፍላት ይቻላል። ሦስት ሰዓት ላይ ደግሞ ከአዲስ አበባ በቪዲዮ ለሥራ ሊጠይቋት ቀጠሮ አላት። ከተመረቀች ሁለት ዓመቷ ነው፤ እስካሁን የጠራት መሥሪያ ቤት ይሄ ብቻ ነው።

ሁለት ሰዓት ተኩል ሲል ጋሽ ፍቅረየሱስ ካፖርታቸውን ደርበው «እኔ እያለሁ?» እያሉ ገቡ።

«ይሄ የአቅጣጫ ጉዳይ ነው» ብለው ራውተሩን ከጠረጴዛው አንስተው መስኮት ላይ አኖሩት። ምንም የለም። «ደመናው ነው የያዘው» ብለው ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሰቀሉት። አሁንም ምንም። ገመዱን ነቅለው እፍ አሉበትና መልሰው ሰኩት። «ብርድ መትቶታል፤ እንደ ሰው እኮ ነው» ብለው በፎጣ ሊጠቀልሉት ሲሉ ዙሀይራ ጮኸች።

«ኧረ በአላህ ጋሼ! ይቃጠላል!»

«ተረጋጊ አንቺ ልጅ። ስንቱን ያየሁ ሰው ነኝ።»

ያዩት የስንዴ ጆንያ ነው ልትል አሰበችና ምላሷን ነከሰች።

ሃያ ደቂቃ ቀራት። የራውተሩን ገጽ በላፕቶፗ ከፍታ እሱን የሚጠቀሙትን ስልኮች ዝርዝር አየች። አሥራ አንድ! የባለሱቁ የማሜ፣ የሙህዲን፣ የእማማ ማርያም ሳይቀር።

«ጋሼ፣ ፓስወርዴን የሰጠሁት ለእርስዎ ብቻ ነው። ለማን ሰጡት?»

ጋሽ ፍቅረየሱስ የካፖርታቸውን ቁልፍ መነካካት ጀመሩ። «ማሜ አጋርፋ ያሉትን እናቱን በረዶው ምን አድርጓቸው ይሆን፣ በቪዲዮ ልያቸው ብሎ ሲጨነቅ ሰጠሁት። ሙህዲን ሰማ። ሙህዲን ከሰማ ደግሞ…»

«ሥራዬ እኮ ነው ጋሼ!» እንባዋ መጣ። ፓስወርዱን እንዳትቀይር ራውተሩ ጠፍቶ ባይነሳስ? ፈራች።

ሽማግሌው ወጡ። በመስኮት አየቻቸው፤ ጭቃውን እየዘለሉ በር ለበር «ዋይፋይ አጥፉ! ዙሀይራ ለሥራ ልትጠየቅ ነው!» ይላሉ። «ቶሌ፣ እሺ ጋሼ!» አለ ማሜ ከሱቁ። አሥራ አንዱ ዘጠኝ ሆነ፤ አምስት ሆነ፤ ሁለት ሆነ።

አምስት ደቂቃ ሲቀር እያለከለኩ ተመለሱ። «ስንት ቀረ?»

«አንድ።»

«የየትኛው ባለጌ ነው?»

ዙሀይራ አፈረች። «የእርስዎ ነው ጋሼ።»

ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ትንሽ አዩት። ከዚያ ጭርሱኑ ዘጉት።

ጥያቄው ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ፤ አንዴም አልተቆራረጠም። መጨረሻ ላይ መቼ መጀመር እንደምትችል ጠየቋት። እልል ልትል ስትወጣ ጋሽ ፍቅረየሱስ በረንዳው ላይ ኩርምት ብለው ተቀምጠዋል፤ ባለቤታቸው እትዬ ሠርከአዲስ ከአጥር ማዶ ይጮኻሉ።

«አንተ ሰውዬ! ስልክህን ምን ነካው? ሀይሚ ከሀዋሳ ስትደውልልህ ስትደውልልህ በእኔ ደወለች እኮ! ወንድ ልጅ ተገላገለች! ፎቶ ልላክ ብትል የእኔ ስልክ ፎቶ አይቀበል!»

ዙሀይራ ደነገጠች። «ጋሼ፣ ልጅዎ ምጥ ላይ መሆኗን እያወቁ ነው የዘጉት?»

«የመጀመሪያ ምጥ ይቆያል ብዬ ነው» አሉ አንገታቸውን ደፍተው።

እጃቸውን ይዛ ወደ ቤት አስገባቻቸው። ስልካቸውን ከፍታ ራሷ ከዋይፋዩ ጋር አገናኘችላቸው። ፎቶው ወዲያው መጣ፤ በነጭ ፎጣ የተጠቀለለ፣ ግንባሩን የቋጠረ ቀይ ሕፃን። ጋሽ ፍቅረየሱስ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ያለቀሰችው ዙሀይራ ናት።