የእንግዳው ቡድን አምፖሎች

ለክለቡ ብሎ ዳኛ የሚሰድብ ደጋፊ ሞልቷል። ለክለቡ ብሎ አምፖል የሚነቅል ግን አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ጋሼ ላምቤቦ ሆሳዕና ከተማ ውስጥ የክለባችንን ያረጀ የውጤት ሰሌዳ የሚጠግኑ ኤሌክትሪሺያን ናቸው። ክለቡ የአምፖል መግዣ የለኝም ካላቸው ወዲህ፣ ከእንግዳው ቡድን በኩል እየነቀሉ በእኛ በኩል ይተክላሉ።

ባለፈው እሁድ ሁለት ለዜሮ ተሸነፍን። በእንግዳው በኩል ምንም አይበራም። ከሀደሮ የመጣ ደጋፊያቸው፣ «ጋሼ፣ ጎሎቻችን የት አሉ?» ሲል ጠየቃቸው።

«ልጄ፣ እናንተማ አሸንፋችኋል። አምፖል ምን ያደርግላችኋል?» አሉት ጋሼ ላምቤቦ።

ሰውየው ስቆ ሄደ። እኔም እሳቸውን መውቀስ አቃተኝ። አመሻሽ ላይ የጃጁራን መንገድ ይዤ ዞር ስል፣ አንድ አምፖል ያልጎደለባት ዜሯችን ከሩቅ ቦግ ብላ ትታያለች።