ሰማንያ በመቶ የሚመልሰው ግድግዳ

ትርሲት አጥላባቸው ይህን ሕልም ያየችው ሌሊት አይደለም። ረቡዕ ቀን፣ ሽሮዋን በልታ ወደ ቢሮ በተመለሰች በሩብ ሰዓት ውስጥ፣ ኮምፒውተሯ ፊት እንደተቀመጠች ነው። ሕልም ደግሞ ሰዓት አይመርጥም፤ የደከመው ሰው ካገኘ ይበቃዋል።

የትርሲት ሥራ ለሰው ለማስረዳት ያስቸግራል። እናቷ ወይዘሮ ዘርፌ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ መብራት ኃይል ነው የምትሠራው» ብለው ተገላግለዋል። እሷ የምትሠራው ግን አንድ ክፍል ውስጥ ብርሃን እንዴት እንደሚሆን አስቀድሞ በኮምፒውተር ማስላት ነው። ኮምፒውተር ዓይን የለውምና እያንዳንዱ ነገር በቁጥር ይነገረዋል። ግድግዳው ከሚያርፍበት ብርሃን ስንት በመቶውን መልሶ ይሰጣል፣ ወለሉ ሻካራ ነው ወይስ ለስላሳ፣ መስታወቱ ምን ያህሉን ያሳልፋል፤ ይኼ ሁሉ ይሞላል። የነገሩትን ያምናል። ዋሽተው ቢነግሩትም ቅር ሳይለው ያሰላል።

ያን ሰሞን የያዘችው የአንዲት ትንሽ ከተማ አሮጌ የስብሰባ አዳራሽ ነበር። ቤተ መጻሕፍት ሊሆን ነው። ያሉት ስድስት መስኮቶች ለንባብ ይበቃሉ ወይስ አራት ይጨመር? ኮሚቴው መጨመሩን አልወደደውም፤ አለቃዋ አቶ ይርዳው ደግሞ ኮሚቴ ያልወደደውን ነገር ወድደው አያውቁም። ትርሲትም አዳራሹን ሄዳ ሳታይ ግድግዳውን «ነጭ፣ ለስላሳ፣ ሰማንያ በመቶ ይመልሳል» ብላ ሞላችው። ኮምፒውተሩም ስድስቱ ይበቃሉ አለ። ከዚያ ወዲህ ግን ያን ቁጥር በየሰዓቱ እየከፈተች ታየው ጀመር። እሷ ራሷ የተማረችው መስኮት ባነሰው ጨለማ ክፍል ደብተሯን ወደ በሩ አዙራ፣ ፊደሉን በግምት እያነበበች ነው። የሰው ልጅ ዓይን ላጠፋ ነው እያለች የመጨረሻውን ሪፖርት ሳትፈርም ሦስት ቀን አቆየችው። ረቡዕ ከምሳ በኋላ ይሁን ብላ እስክሪብቶ አነሳችና እንቅልፍ ወሰዳት።

ወዲያው አንድ ቢሮ ውስጥ ተሰልፋ ተገኘች። በዚያ ቢሮ ከሰልፉ መጨረሻ የቆመ ሰው ቀድሞ ስለሚስተናገድ ሰልፈኛው ሁሉ ወደ ኋላ ይጋፋ ነበር። ጣሪያው እግር ስር ተነጥፏል፤ ሰዉ አምፖል እንዳይረግጥ እየዘለለ ይሄዳል። በመስኮቱ ውጭውን ብታይ፣ አንድ ምንጣፍ አንድ ወፍራም ሰውዬን ገመድ ላይ አስጥቶ በዱላ አቧራውን ያራግፋል። ሰውዬው ምንም አልከፋውም፤ ትከሻዬ ላይ ትንሽ ቀርቷል እያለ ያመለክታል።

ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ጸሐፊ ግድግዳ ነው። መነጽር ያደረገ፣ ማብሪያ ማጥፊያው ደረቱ ላይ ያለ ደህና ግድግዳ።

«ከሚያርፍብሽ ብርሃን ስንት በመቶውን ትመልሻለሽ?» አላት።

«ተለክቼ አላውቅም።»

«ሻካራ ነሽ ለስላሳ?»

«እንደ ቀኑ ነው።»

«እንደ ቀኑ የሚል ቦታ ቅጹ ላይ የለም።»

ትርሲት ሰልፉ ረዝሞባት ስለነበር፣ እሷና የሥራ ባልደረቦቿ የማያውቁት ነገር ሲገጥማቸው የሚያደርጉትን አደረገች። የተለመደውን ይሙሉልኝ አለችው። የተለመደው ማለት ግራጫ፣ ሃምሳ በመቶ ነው። ግድግዳው ማኅተሙን ምላሱ ላይ አርጥቦ ቅጹ ላይ መታ። እጇን ብታይ ግራጫ ሆኗል። የቀሚሷ አበባ አንድ በአንድ ጠፋ፤ አፍንጫዋም ከጉንጯ ጋር እኩል ሆነ።

በዚህ መሐል ግርግር ተነሣ። ሁለት ፖሊስ መስታወቶች አንድ አጭር ሰው በሁለት ክንዱ ይዘው ገቡ። ሰውየው መቶ ብርሃን ተቀብሎ መቶ ሠላሳ ሲመልስ እጅ ከፍንጅ ተይዟል። በዚያ አገር ሰው ሲገድል የተገኘ በምክር ይለቀቃል፤ ከተቀበለው በላይ የሰጠ ግን ምሕረት የለውም። ሠላሳውን ከየት እንዳመጣው በጥብቅ ተጠየቀ።

«ልጄ ፈተና አለፈች» አለ ሰውየው።

ይበልጥ በራ። መስታወቶቹ ብርድ ልብስ ጣሉበት፤ ብርድ ልብሱም በራ። ሰውየው ከውስጥ ሲስቅ ይሰማ ነበር። ሰልፈኛው ሳቅ ያዘው፣ ጠረጴዛው ሳቅ ያዘው፣ ትርሲትም አፏ የት እንደሄደ ባታውቅም ሆዷን ይዛ ሳቀች። መጨረሻ ላይ መስታወቶቹ የፀሐይ መነጽር አድርገው እስረኛውን ለመምራት ሞከሩና ከበሩ ጋር ተጋጩ።

ትርሲት ሳቋን ሳትጨርስ ሰፈሯ መንገድ ዳር ቆማ ነበር። ግራጫ ግድግዳ ሆናለች። አንዱ መጥቶ ደረቷ ላይ የጥገና ማስታወቂያ ለጠፈ፤ ሌላው ወገቧ ላይ በቀይ ቀለም «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» ብሎ ጻፈ። ይህስ ይሁን፣ ለራስም ጥበቃ ነው ብላ ተወችው። ከዚያ እናቷ መዶሻና ሚስማር ይዘው ብቅ አሉ። ሰላም ሳይሏት ግንባሯን በጣታቸው አንኳኩ፣ ሚስማሩን መቱ፣ ቀን መቁጠሪያ ሰቀሉ።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ እኮ» አለች ትርሲት።

ወይዘሮ ዘርፌ ቀን መቁጠሪያው እንዳይዘም አስተካከሉና፣ ዘንድሮ ግድግዳውም ወሬኛ ሆኗል እያሉ ሄዱ። ሚስማሩ አላመማትም። የወለዷት እናቷ ዓይኗን አይተው ማለፋቸው ግን አንጀቷን ቆረጠው።

ቀን መቁጠሪያው ግንባሯ ላይ እየተንጠለጠለ፣ ልስኗ እየረገፈ፣ ወደ ቢሮው ሮጠች። ደግነቱ መጨረሻ ስለደረሰች ወዲያው ተስተናገደች።

«እባክዎ ይነሡና ይዩኝ» አለችው። «ቅጹን ይተዉት፤ በዓይንዎ ይዩኝ።»

ግድግዳው ተነሣ። እስከዚያ ድረስ ጠረጴዛው ከልሎት ስለነበር ከወገብ በታች አላየችውም። አረንጓዴ ነው። የልጅ እጅና የሰው ጀርባ እንዳያሳድፈው ትምህርት ቤቱም ጤና ጣቢያውም የሚቀባው ያ ጥቁር አረንጓዴ የዘይት ቀለም። ከላዩ ያለውም ነጭ ነጭነቱን ከረሳ ቆይቷል፤ በትከሻው ልክ የስንት ዘመን የተሰብሳቢ ራስ ቅባት ሰፊ መስመር ሠርቶበታል።

«እኔን ሰማንያ ብለሽ የሞላሽኝ አንቺ አይደለሽም?» አላት።

ትርሲት አፈረች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት፤ እግሯ ስር ያለው ግን ጣሪያ ነው። ስለዚህ ቀርባ በእጇ ዳበሰችው። ከላይ ሃምሳ፣ ቅባቱ ጋ አርባ፣ ከወገብ በታች አሥራ አምስት እያለች፣ ትንሽ እንደሚያብለጨልጭም ሳትረሳ፣ አንድ በአንድ ነገረችው። ግድግዳው ሲኮረኩሩት የማይችል ዓይነት ኖሯል፤ አረንጓዴው ጋ ስትደርስ እየተንፈራፈረ ሳቀ፣ ማብሪያ ማጥፊያው በራሱ በራ ጠፋ። ማንም እንዲህ ነክቶ ለክቶት እንደማያውቅ ነገራት። ከዚያ መነጽሩን ጠርጎ ፊቷን ትክ ብሎ አየ።

«አንቺ ደግሞ» አለና እርሳሱን አነሣ።

ትከሻዋን ነቀነቋትና ነቃች። አቶ ይርዳው ናቸው፤ ፊታቸው ፈክቷል። ትርሲት ሰላም እንኳ ሳትላቸው ሰማንያውን ከኮምፒውተሩ ሰረዘችው። አሮጌ አዳራሽ ሁሉ ከወገብ በታች ምን እንደሚቀባ እያወቀች መዋሸቷን፣ ሪፖርቱን እንደማትፈርም፣ ነገ በጠዋት ሄዳ ግድግዳውን በዓይኗ እንደምታይ በአንድ ትንፋሽ ነገረቻቸው።

አቶ ይርዳው በትዕግሥት ሰሙና ምንም የሚያስጨንቅ ነገር እንደሌለ አረጋገጡላት። ረቂቁን ሰኞ ዕለት ልከውት ኮሚቴው እጅግ ወዶታል። ተወያይቶበትም ሰማንያ በመቶውን ብርሃን የሚሰጠው ግድግዳው ከሆነ የመስኮቶቹ ድርሻ ሃያ ብቻ ነው፣ ለሃያ በመቶ ብሎ ንፋስና አቧራ የሚያስገባ የለም ሲል በሙሉ ድምፅ ወስኗል። እንዲያውም መብራት በሌለው በዋናው መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ግድግዳ ቢቆም ስንት ሜትር እንደሚበቃ ጠይቋል።

«ለማንኛውም ሄጄ ልየው» አለች ትርሲት።

«አሁንማ ብትሄጂም አይታይሽም» አሉ አቶ ይርዳው። «ስድስቱንም መስኮት ዛሬ ጠዋት ደፍነዋቸዋል።»