ጋሽ እንደገና እና ቢጫው ቀለም

ስለ ጋሽ እንደገና የሚወራውን ልንገራችሁና እንገላገል። በወጣትነታቸው አንድ መኪና ጠግነው፣ አንዲት ቡሎን ሳያጠብቁ ረስተው፣ መኪናው ከነተሳፋሪው ገደል ገባ ይባላል። ከዚያ ወዲህ ሥራ ሳይደጋግሙ አያስረክቡም፣ በእንቅልፋቸው ይባንናሉ፣ «ገደል» የሚል ቃል ከሰሙ እህል አይቀምሱም እየተባለ ወሬው ቅርንጫፍ ያወጣል።

ውሸት ነው። እኔ ወሬ እየጎረስኩ ያደግሁ ሰው ስለሆንኩ ማጣራቱንም አውቅበታለሁ። ባለቤታቸውን ጠየቅሁ፣ የባለቤታቸውን እህት ጠየቅሁ፣ ከጋራዣቸው ፊት ለፊት ያለውን ጎሚስታ ጠየቅሁ። እነዚህ ያልሰሙት ነገር አልተደረገም ማለት ነው። ገደል የገባ መኪና የለም። ሰውየው የሚፈሩት የሆነውን ሳይሆን ያልሆነውን ነው። ያልሆነ ነገር ደግሞ ማለቂያ የለውም።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር አይገኝም። የሰው ዘር ለሁለት ይከፈላል፦ በሩን ቆልፎ የሚሄድና በሩን ቆልፎ ከመንገድ የሚመለስ። ክቡርነታቸው የተመላሾቹ ሊቀ መንበር ናቸው። መፈክራቸውም አንዲት ናት፦ «እስቲ እንደገና።» በወጣትነታቸው «ላግባሽ?» ብለው፣ ባለቤታቸው እትዬ «እሺ» ሲሉ፣ የመለሱት ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? «እስቲ እንደገና በይው።» እትዬ ይህን ባወሩ ቁጥር «ያን ጊዜ ነበር እግሬ አውጪኝ ማለት!» ይላሉ። በአንድ ሠርግ ላይ ደግሞ የሙሽሮቹን መኪና ጎማ ሳላይ አትንቀሳቀሱም ብለው በአዲስ ሱፋቸው መሬት ላይ ተንበረከኩ። ፎቶ አንሺው ሙሽራይቱን ትቶ እሳቸውን አነሳ።

ይህ ሁሉ ያስቃል፤ የራስ ሰው መኪና እሳቸው ዘንድ እስኪገባ ድረስ።

እህቴ አዋላጅ ናት። ከተራራው ማዶ ያሉትን መንደሮች የምትደርሰው አሮጌ ፎር ዊል እየነዳች ነው። የቁልቁለቱ መንገድ በአንድ በኩል ድንጋይ ነው፣ በሌላው በኩል ምንም የለም። እዚያ መንገድ ላይ የኋላው ዲፈረንሻል መጮህ ጀመረ፤ ሲከፈት ጥርሱ ረግፏል። አዲስ ጥርስ ተገዛ፣ እግረ መንገዱንም ሎከር ይግባለት ተባለ፤ ጭቃ ላይ አንደኛው ጎማ በከንቱ ሲሽከረከር ሁለቱን አንድ ላይ የሚቆልፍ ዕቃ ነው። በማግስቱ ጠዋት ማዶ ቀኗ የደረሰ ነፍሰ ጡር ትጠብቃታለች። ስለዚህ እህቴ ቸኩላለች፤ እህቴ ስትቸኩል ደግሞ ከፊቷ ዞር ማለት ነው።

ዲፈረንሻል ውስጥ ምን እንዳለ የማያውቅ ሰው ተኝቶ ያድራል። እኔም እተኛ ነበር። ጋሽ እንደገና አስረዱኝና እንቅልፌን ነሱኝ። ፒኞን የሚባለው ትንሹ ጥርስ ኮሮና የሚባለውን ትልቅ ባለጥርስ ቀለበት ይገፋል፣ ኮሮናው ጎማዎቹን ያዞራል። ሁለቱ መሃል ለመሃል መናከስ አለባቸው። ሎከሩ ደግሞ ለኮሮናው አዲስ ቤት ስለሆነ የድሮው ልክ አይሠራም፤ ስስ የብረት ቀለበት ከጎን እየጨመሩና እየቀነሱ እንደ አዲስ መለካት ነው። እንደ አዲስ መለካት! ይህን ሲናገሩ ፊታቸው በራ።

«ጫፍ ለጫፍ ቢናከሱስ?» አልኳቸው።

«ይሰበራል። ስብርባሪው መሃል ይገባና የኋላ ጎማ ቀጥ ይላል።»

«ቁልቁለት ላይ?»

«የት እንደሚሰበር አንተን አያማክርህም።»

ከዚያ በኋላ ከዲፈረንሻሉ ጠረጴዛ አልራቅሁም። ስፈራ ብዙ እቀልዳለሁ፤ ያን ዕለት ጎሚስታው ሳይቀር ሆዱን ይዞ ሳቀ።

እሳቸው ኮሮናው የሚዞርባቸውን ኩሽኔታዎች የሚይዙትን ክዳኖች እያጠበቁ ሳለ እህቴ ከበር ላይ «ጋሼ፣ አልጨረሱም?» ብላ ጮኸች። «መጣሁ፣ ልጄ» አሉና ቁልፋቸውን አስቀመጡ። ከዚያ በትንሽ ብሩሽ የኮሮናውን ጥርሶች ቢጫ ቀለም ቀቡና አዞሩት። ፒኞኑ የነካበት ቦታ ላይ ቀለሙ ይለቃል፤ የሚነበበው እሱ ነው። ሦስታችንም ጎንበስ ብለን አየን። አሻራው ልክ መሃል ላይ፣ ታትሞ እንደወጣ ማኅተም ተቀምጧል።

«ቆንጆ!» አለች እህቴ። «በቃ ይዝጉት።»

ጋሽ እንደገናም፣ ጆሮዬ ካልዋሸኝ፣ «እሺ» አሉ። ጎሚስታው ይህን ቢሰማ ሱቁን ዘግቶ ሊያይ ይመጣ ነበር። ማሸጊያውን ከመደርደሪያ ሊያመጡ ዞሩ። እህቴ ደግሞ ስትቸኩል ማጽዳት የሚያምራት ሴት ናት፤ በሙያዋ ቆሻሻ ያየ እጅ ዝም አይልም። ጨርቅ አነሳችና ቢጫውን ቀለም ሙልጭ አድርጋ ጠረገችው።

ተመልሰው ሲመጡ ጥርሶቹ እንደ መስታወት ያበራሉ።

«ማነው የነካው?»

«ቆሽሾ ነበር እኮ ጋሼ።»

ብሩሹን አነሱ። «እስቲ እንደገና።»

«ኧረ በፈጠረዎት! አይተውታል! እኔም አይቻለሁ፣ ወንድሜም አይቷል!»

«አየሁት፣ ልጄ። አሁን ግን አላየውም።»

እንደገና ቀቡ። ለእኔ አንድ ቁራጭ እንጨት ሰጡኝና «ኮሮናውን ተጭነህ ያዝልኝ፤ ሸክም ያለበት ይምሰለው» አሉ። እየቀለድኩ ተጫንኩ። አዞሩት። ጎንበስ አልን።

አሻራው ጫፍ ላይ ነው።

መቀለዴን ተውኩ። እሳቸው እጃቸውን ሰደው የክዳኖቹን ቡሎኖች አንድ በአንድ ነኩ። የመጨረሻዋን በሁለት ጣት ያዟት። በሁለት ጣት ዞረች። እህቴ ከበር ላይ ስትጮህ ሳያጠብቁ ያለፏት እሷን ነበር። ባዶውን ሲዞር ክዳኑ አልተነሳም፤ ሸክም ሲያገኝ ግን ተነሳ፣ ኮሮናውም ከቦታው ሸሸ። በዓይኔ የመጣብኝ ቁልቁለቱ ነው፤ ድንጋዩና ምንም የሌለበት ጎን፣ መሪ የጨበጡት የእህቴ እጆች። እንጨቱን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

ጋሽ እንደገና አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አሉ። ፊታቸው አመድ መስሏል። ይህች ያቺ ወሬው ውስጥ ያለችው፣ ያልጠበቀችው ቡሎን መሆኗ የገባኝ ያኔ ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን ሲጠብቋት ኖረው መጣች።

ከዚያ ተነሥተው ፈቱት። አጠበቁ፣ ለኩ፣ ቀቡ፣ አዞሩ፣ ጠረጉ፤ እንደገና ቀቡ። እህቴ መብራት ይዛ ቆመችላቸው። እኔ ዛሬ የዚያ የተመላሾች ማኅበር ደቀ መዝሙር ነኝ፦ በሬን ቆልፌ ከመንገድ እመለሳለሁ፣ ሲስቁብኝም «ጋሼ ይኑሩልኝ» እላለሁ። እሳቸው ያልዘጉት መኪና ውስጥ እህቴን አላስገባም።

በመጨረሻ አሻራው መሃል ላይ ወጣ፤ አሁንም ወጣ፤ አሁንም። እህቴ ፈራ ተባ እያለች፣ «አሁንስ ቆንጆ ነው አይደል፣ ጋሼ?» አለች።

ጋሽ እንደገና እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ቢጫውን አሻራ ተመለከቱት።

«የመጀመሪያውም ቆንጆ ነበር።»